ጎንደር ዙሪያ ተራራ ለምትሮጡ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጠዋት ጠዋት ወደ ጎሃና ወደ ቁስቋም የሚወጣው ሯጭ እየበዛ ነው። ደስ ይላል። አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ለሜዳልያ አይደለም፤ ከቢሮና ከስልክ ትንሽ ርቆ ቀለል ያለ ኑሮ ለመኖር ነው። ችግሩ የከተማውን ጥድፊያ ይዘውት ይወጣሉ። ይጎዳሉ። ከዚያ ሳያገግሙ ይመለሳሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ትዕግስቴን ስለጨረሰችው ከሷ ልጀምር።

ከወለምታ በኋላ ቶሎ መመለስ

ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ማታውኑ ወጌሻ ጋ ተሂዶ ይታሻል፣ በሦስተኛው ቀን «አሁን እኮ አያመኝም» ይባላል። አላመመም ማለት ድኗል ማለት አይደለም! እግር ወለም ሲል የሚለጠጠው ወይም የሚቀደደው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው። ሕመሙ ደግሞ ጅማቱ ሳይጠግን ቀድሞ ይጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ መሬቱ ማጋደሉን ለአንጎል የሚነግረው የእግር ስሜት አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ያ እግር ጠጠር ሲረግጥ ራሱን ለማስተካከል ይዘገያል፣ እንደገና ይታጠፋል። ቀላል የሚባለው ወለምታ እንኳ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል። ከባዱ ወራት ይፈጃል።

አብሮን የሚሮጥ አንድ ጎበዝ ልጅ እሁድ ኮሶዬ እንሄዳለን ስላልን ብቻ ጉዳቱን ደበቀን። ጫማውን ሲያስር አየሁት፤ የካልሲው ላስቲክ ያበጠው ቆዳው ውስጥ ሰርጉዶ ገብቷል። «እስቲ በዚህኛው እግርህ ብቻ ቁም» አልኩት። ቆመ። «አሁን ዓይንህን ጨፍን» ስለው ወዲያው ክንዴን ያዘ። ያን ቀን አስቀረነው፣ በጣም ከፋው። በሳምንቱ ብቻውን ወጣና ያንኑ እግር ደገመው። ክረምቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቀረ።

በአንድ እግር፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ከጤነኛው እግር እኩል መቆም ካልቻላችሁ ተራራ አትውጡ። ጥርስ ስትቦርሹ በአንድ እግር እየቆማችሁ ተለማመዱ፣ ምንም ወጪ የለውም። ስትመለሱ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ በእርምጃ እየተቀላቀለ፣ ከዚያ ዳገት። ቁልቁለት የመጨረሻው ነው።

ራጅ ሳይነሱ ማሳሸት

ወጌሻን አልንቅም፤ እጃቸው የተባረከ አዋቂዎች አሉ። ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ መታሸትና መጎተት ያባብሰዋል። ከተጎዳችሁ በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ አጥንት በጣት ሲጫኑት ካመማችሁ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱና ራጅ ተነሡ። እግራችሁ ታስሮ ጣቶቻችሁ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያው ደም ከልክሏል ማለት ነው። ወዲያው ፈታ አድርጉትና ሆስፒታል ሂዱ፤ በዚህ ምክንያት እግር ሊቆረጥ ይችላል።

ሳታገግሙ አትሩጡ ስል «አበበ ቢቂላስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ብዙም ሳይቆይ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ግን የትርፍ አንጀት ቁስልና የተቀደደ ጅማት አይገናኙም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውም በተነጠፈ መንገድ ላይ እንጂ በአንገረብ ኮረት ላይ አይደለም። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር።

ለሰዓቱ መሮጥ

ይሄ ያሳስበኛል። ኑሮዬን ላቅልል ብሎ የጀመረ ሰው ትንሽ ቆይቶ የጂፒኤስ ሰዓት ይገዛል፣ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ይፎካከራል፣ ያልሞላችውን ኪሎ ሜትር ለመሙላት ማታ በጨለማ ይወጣል። አጥንት ግን ለጫና የሚለምደው በዝግታ ነው። ርቀቱን በአንድ ጊዜ ሲያንሩት መጀመሪያ ቅልጥም ይታመማል። ሕመሙ በጣት ሲነካ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስቀምጣል። ሰዓቱን አንዳንዴ ቤት ተዉት።

ሲጎዱ ደግሞ ቤት ዘግቶ የሌሎችን ሩጫ ስልክ ላይ ማየት አለ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። በለመዳችሁት ሰዓት ተነሡ፣ ሐኪም ከፈቀደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ በእግር ደርሳችሁ ኑ፣ ቡና ሲፈላ ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡ። ቀላል ኑሮ ስትሉ የነበረው እኮ ይሄንንም ይጨምራል፤ ሩጫ ሲቆም አብሮ መቆም የለበትም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቁልቁለት ላይ እርምጃ አታስረዝሙ፤ አጠር፣ ፈጠን አድርጉት፣ ጉልበታችሁ ይተርፋል። በክረምት የአስፋልት ጫማ አድርጋችሁ ጥቁር አፈር ውስጥ አትግቡ። ማሳ አታቋርጡ።

የጆሮ ማዳመጫ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅም ውሻም አትሰሙም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ከነአህያው ሲወርድ፣ እናቶች እንጨት ተሸክመው ሲመጡ፣ «እንዴት አደራችሁ» ሳይሉ ገፍቶ ማለፍ ነውር ነው። መንገዱ የእነሱ ነው። ወደየት መሄድ ደህና እንደሆነ የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው።

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ ጎህ ሲቀድ ረጅም ሮጣችሁ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ አትዋሉ። ወደ ማፍጠሪያው አስጠግታችሁ ቀለል ያለ ሶምሶማ ሩጡ፣ ከዚያ ውሃና በሶ።

የመጨረሻው የስሜን ተራሮች ጉዳይ ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ለምደነዋል ትላላችሁ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ስሜን ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ግን ከ3,200 በላይ ነው። ጠዋት በመኪና ወጥቶ እዚያው ቀን መሮጥ ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ይዳርጋል። ደባርቅ እደሩ፣ በማግስቱ በእግር ብቻ ሂዱ፣ ሩጫውን ለሦስተኛው ቀን አቆዩት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወደ ታች ውረዱ።