የናፍጣ ቫን ኢጂአር ሲያስቸግር፦ ከማውለቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የሞተር መብራት በራ፣ ቫኑ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ የብልሽት ኮዱ ሲነበብ ኢጂአር አለ። ከዚያ አብዛኛው ሰው ወይ አዲስ ቫልቭ ገዝቶ ያስገጥማል፣ ወይ አሮጌውን አውልቆ በኬሚካል ያጥባል። ሁለቱም ለጥቂት ወራት ይሰራሉ። ቀጥሎ ያው መብራት ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጥቀርሻው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደዛው ነው ያደረግኩት። ቫልቩን እንደ ሳህን አጥቤ አብለጭልጬ ገጠምኩት፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የቱ ጋ እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ይህ ነገር ምን እንደሚሰራ። ኢጂአር ከሞተሩ የወጣውን ጭስ በከፊል መልሶ ወደ አየር መግቢያው ይልካል። የተቃጠለ ጭስ መልሶ ለሞተር ማስተንፈስ እብደት ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። ሲሊንደር ውስጥ ሙቀቱ በጣም ሲያይል በአየሩ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ ጋዝ ይሰራሉ። ኦክስጅኑ ያነሰ ጭስ ሲቀላቀልበት ቃጠሎው ይበርዳል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ቫልቩ እንግዲህ በር ነው። ኮምፒውተሩ ክፈት ሲለው ይከፍታል፣ ሙሉ ነዳጅ ስትረግጡ ይዘጋል።

ችግሩ ከጭሱ ጋር ጥላሸት አብሮ መግባቱ ነው። ደረቅ ጥላሸት ብቻውን ቢሆን አብዛኛው በአየሩ ተገፍቶ ያልፍ ነበር። ነገር ግን በዚያው መግቢያ በኩል ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ የዘይት ትነትም ያልፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ቅጥራን የመሰለ ነገር ይሆናሉ፣ ይለጠፋሉ፣ ይደርቃሉ፣ በላዩ ሌላ ይለጠፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ማኒፎልዱን፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ፣ ስትከፍቱ ቀዳዳው ግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

1. ኮዱን አንብቡ፣ ግን አታጥፉት

ኮድ ማንበቢያው የሚሰካበት ባለ 16 እግር ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ነው። የሚወጣውን ኮድ ሁሉ ጻፉት። ፒ0401 በቫልቩ የሚያልፈው ጭስ አነሰ ማለት ነው። ፒ0402 በዛ ማለት ነው። ፒ0403 የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ችግር አለ ይላችኋል። ፒ0404 ደግሞ ቫልቩ ታዘዘ ግን የታዘዘው ቦታ አልደረሰም። ፒ0405 እና ፒ0406 የቫልቩን አቀማመጥ የሚያነበው ሴንሰር ላይ ናቸው። ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ ፒ0403 የሰጣችሁን ቫን ቫልቭ አውልቆ ማጠብ የተበጠሰ ሽቦን በሳሙና እንደማሸት ነው። ከኢጂአር ውጪ የሆነ ኮድ፣ ለምሳሌ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የቱርቦ ግፊት ማነስ አብሮ ካለ፣ እሱን አስቀድሙ።

2. ምልክቱን ከኮዱ ጋር አስተያዩ

ክፍት ሆኖ የተጣበቀ ቫልቭ ብዙ ይናገራል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ስትሰጡት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበት የለውም፣ ጠዋት ለመነሳት ያንገራግራል። ዝግ ሆኖ የተጣበቀ ግን ዝምተኛ ነው። ቫኑ እንደውም ጥሩ የሚሄድ ሊመስላችሁ ይችላል፣ መብራቱ ብቻ ነው የሚበራው። ነጭ ጭስ ካለና የራዲያተር ውሃ ሳይንጠባጠብ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ጭስ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። ብዙ ቫኖች ላይ ጭሱ ወደ ሞተሩ ከመመለሱ በፊት በውሃ በሚቀዘቅዝ ክፍል ያልፋል፣ እሱ ውስጡ ከተሰነጠቀ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ይህን አይታችሁ መንዳት አትቀጥሉ።

3. ሞተሩ እየሰራ ቁጥሮቹን እዩ

ከሁሉም ደረጃ ይሄን ነው አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይሄው ነው። የቀጥታ ንባብ የሚያሳይ መሳሪያ ካላችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ያዘዘው የቫልቭ አከፋፈትና ቫልቩ በትክክል ያለበት ቦታ። ሁለቱ ተቀራርበው መሄድ አለባቸው። ትእዛዙ ሲቀየር ቫልቩ ዘግይቶ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚከተል ከሆነ ተጣብቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚገባው አየር መጠን። ቫልቩ ሲከፈት ጭሱ የንጹህ አየርን ቦታ ስለሚይዝ የአየር መለኪያው ቁጥር መውረድ አለበት፣ ሲዘጋ መውጣት አለበት። ቫልቩ ተከፈተ እያለ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መንገዱ ራሱ በጥቀርሻ ተደፍኗል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ብዙ ሞተሮች የጭሱን መጠን የሚገምቱት ከዚሁ የአየር መለኪያ ተነስተው ነው፣ ስለዚህ መለኪያው ቆሽሾ ከዋሸ ጤነኛ ቫልቭ ይከሰሳል። የቱርቦ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅም ተመሳሳይ ውዥንብር ይፈጥራል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ ውሃ ሙቀት። ጥቂት ከነዳችሁት በኋላ ወደ 80 እና 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ መቆየት አለበት። 65 ወይም 70 ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘው ክዳን) ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ሞተሩ ሁሌም በርዶ ነው የሚሰራው፣ በርዶ የሚሰራ ናፍጣ ደግሞ የጥቀርሻ ፋብሪካ ነው።

ቫልቩ በቫኪዩም (በአየር መሳብ ኃይል) የሚሰራ አሮጌ ዓይነት ከሆነ ቀጭኖቹን የላስቲክ ቱቦዎች በእጅ እየዳበሳችሁ ፈትሹ። አንዷ የተሰነጠቀች ቱቦ ሙሉውን ራስ ምታት ልታመጣ ትችላለች።

4. ማውለቅ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። ቫልቩ የውሃ ቱቦ የገባበት ከሆነ ውሃውን ወደ ንጹህ ዕቃ አፍስሱት። ብሎኖቹ ለዓመታት በሙቀት የተጠበሱ ስለሆኑ ማታውን ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ብታሳድሩ ጥሩ ነው። ብሎን እምቢ ካለ በጉልበት አትጨቅጭቁት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሳችሁ አውጡት። የተቆረጠ ብሎን ከቫልቩ የበለጠ ያስለቅሳል። የትኛው ከየት እንደወጣ ፎቶ አንሱ።

5. ማጠብ

ጓንት፣ መነጽር፣ አየር የሚገባበት ቦታ። የካርቦሬተር ማጽጃ ወይም ለኢጂአር የተሰራ ፈሳሽ ይሆናል፣ የናይለን ብሩሽ ተጠቀሙ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ትኩስ ብረት ላይ አትንፉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ፈሳሹ የሚነካው ጭስ የሚያልፍበትን ጎን ብቻ ነው። የቫልቩ የኤሌክትሪክ ሞተርና ሶኬት ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ደርቆ ይቆይ፣ ሙሉውን ባልዲ ውስጥ መንከር የሚባል ነገር የለም። ሌላው፣ የቫልቩን ምላስ በካቻቢቴ እየገፋችሁ ለመክፈት አትታገሉ። በኤሌክትሪክ በሚሰሩት ውስጥ ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፣ አንዱ ከተሰበረ ታጥቦ የጸዳ ግን የሞተ ቫልቭ ነው የሚቀራችሁ። ታጥቦም የሚላወስ ከሆነ፣ ማለትም ዘንጉ በጎኑ የሚጫወት ከሆነ፣ አዲስ ግዙ።

6. ማኒፎልዱን አጮልቁ

ቫልቩ የተቀመጠበትን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት። ስስ ጥቁር ሽፋን ብቻ ከሆነ ተዉት። ወፍራም ከሆነ ማኒፎልዱ መውለቅ አለበት፣ እዚያው እንዳለ መፋቅ ግን አይሆንም፤ የሚረግፈው ጠጣር ካርቦን ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በጥሩ ጋራዥ የተፈጨ የዎልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየነፉ የመግቢያ ቀዳዳዎቹን ያጸዳሉ፣ ያውም የዚያን ሲሊንደር ቫልቮች ዘግተው ነው።

ሞተሩ እየሰራ በአየር መግቢያው የሚነፋ ማጽጃን በተመለከተ፣ ቆጠብ በሉ። የሚነፋው ነገር ይቀጣጠላል፣ ለናፍጣ ሞተር ደግሞ በአየር መግቢያ የገባ የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ነዳጅ ነው። ከበዛ ቁልፍ ብታጠፉም አልቆም ሊላችሁ ይችላል።

7. መግጠም

ጋስኬቱ አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን መልሶ ማድረግ አያዋጣም። ውሃ ካፈሰሳችሁ መልሳችሁ ሙሉትና አየሩን አስወጡ። ከዚያ ኮዱን አጥፉ። ብዙ ዘመናዊ ቫኖች ቫልቩ የት እንደሚዘጋና የት እንደሚከፈት በመሳሪያ እንደገና ማስተማር ይፈልጋሉ፣ ይህ ካልተደረገ ታጥቦ የተገጠመው ቫልቭ ያንኑ ፒ0404 ሊመልስባችሁ ይችላል።

በክዳን ደፍኖ መገላገልስ? ብዙ አገር ሕገወጥ ነው፣ ዓመታዊ ምርመራም ይጥላችኋል፣ ኮምፒውተሩም ጭስ አላለፈም ብሎ ያንኑ መብራት ያበራል።

8. ጥቀርሻው ከየት መጣ?

የእኔው ቫን ጥፋት ቴርሞስታቱ ነበር። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ሁሌ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ትል ነበር፣ እኔ ደግሞ "ጎበዝ፣ አይሞቅም" እያልኩ እደሰት ነበር። እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ አጭር አጭር መንገድ፣ ሞተር አስነስቶ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ። የቱርቦውን ቱቦ አውልቃችሁ ውስጡ ዘይት ከተኛ፣ ምንጩን እዚያ ፈልጉ።

ዲፒኤፍ (ከጭሱ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው ቫን ከሆነ የዘይት መለኪያውን ዘንግም አውጥታችሁ እዩ። ክፍት የቀረ ኢጂአር ጥላሸት ያበዛል፣ ማጣሪያው ቶሎ ይሞላል፣ ሞተሩ እሱን ለማቃጠል ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፣ መንገዱ አጭር ሆኖ ማቃጠሉ ከተቋረጠ ደግሞ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ደረጃው ከላይኛው ምልክት ካለፈ ወይም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱን ቀይሩ። የምትጨምሩት የመኪናው መመሪያ የጠየቀው ዓይነት ይሁን፣ ዲፒኤፍ ላለው ሞተር አመዱ ያነሰ ዘይት ነው የሚታዘዘው።

ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ለግማሽ ሰዓት ያህል በክፍት መንገድ ንዱት። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ፣ መብራቱ ባይበራም፣ መሳሪያውን እንደገና ሰክታችሁ በመጠባበቅ ላይ ያሉ ኮዶችን ተመልከቱ። ችግሩ መብራቱ ሳይበራ በፊት እዚያ ነው የሚጻፈው።