ስክሮል ሶው ቀጥ ብሎ አልቆርጥ ሲል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ገብታችሁ ስለ ስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ብትጠይቁ እሮሮው ያው ነው፦ «ለጌጥ አንደኛ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ግን ያሾፍብሃል።» ማሽኑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የቆረጣችሁትን አንስታችሁ ፊቱንና ጎኑን ለየብቻ እዩ። የፊቱ በሽታና የጎኑ በሽታ አይገናኙም።

መስመሩ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ይስታል

በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ነው። እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ ትገፋላችሁ፣ ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ያመልጣል። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። የተለመደው ምላጭ ጥርሱ ሲወጣለት በአንድ ጎኑ ሻካራ የብረት ጠርዝ ይቀርበታል። ያ ጎን ከሌላው የበለጠ ስለሚበላ ምላጩ ወደዚያው ይስባል። ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስሮ እንጨቱን በእሱ አስጠግቶ መግፋትም ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ምላጩን አትታገሉት፤ አመሉን እወቁለት። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ረጅም መስመር አስምሩ። መስመሩን ሳትለቁ እየቆረጣችሁ መሃል ላይ ስትደርሱ እንጨቱን እንደያዛችሁ ማሽኑን አጥፉ። እንጨቱ ትንሽ ተዛንፎ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ነው። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ያንን አቅጣጫ በእርሳስ አስምሩበት። ከዚያ በኋላ በዚያው አቅጣጫ ግፉ። ምላጭ በቀየራችሁ ቁጥር ግን እንደገና መፈተሽ አለባችሁ።

ዓይናችሁን ምላጩ ላይ አትትከሉ። ከምላጩ ትንሽ ቀደም ያለውን መስመር ተከተሉ።

ፊቱ ልክ ነው፣ ጎኑ ግን አዘመመ

ጎኑ ያዘመመው ወጥ ሆኖ ከሆነ ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ አልሠራም ማለት ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን የዲግሪ ምልክት እኔ አላምነውም። ወፈር ያለ ቁራጭ ጠርዝ ላይ ትንሽ ብቻ ቁረጡና ማሽኑን አጥፉ። ቁራጩን ከምላጩ ኋላ አዙራችሁ ስንጥቁን ከጀርባ በኩል ወደ ምላጩ አስጠጉት። ምላጩ ሳይነካካ ከገባ ጠረጴዛው ልክ ነው። ካዘመመ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ አያመልጣችሁም፤ ጠረጴዛውን እያስተካከላችሁ ድገሙት።

ጎኑ እንደ ሆድ ካበጠ ግን ጠረጴዛውን ተዉት። ወይ ምላጩ ላልቷል፣ ወይ በጉልበት እየገፋችሁ ነው። ማሽኑ እንደጠፋ ምላጩን በጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሄደ አጥብቁት። በደንብ የተወጠረ ምላጭ ሲነኩት እንደ ክራር ክር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ከጠበቀም በኋላ ካበጠ ደንዟልና ቀይሩት። ምላጭ መቆጠብ እንጨት ማባከን ነው።

ጠርዙ ጠቆረ

ምላጩ ደንዟል፣ ወይም ጥርሱ ለዚያ ውፍረት በጣም ደቃቅ ነው። ንድፉ ላይ ግልጽ ስኮች መለጠፍ መቃጠሉን ይቀንሳል።

እንጨቱ ምላጩን ጨምድዶ ያዘው

የጎጃም ክረምት ረጅም ነው። በክረምት የገዛችሁት ዋንዛ ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ጣውላዎቹን በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ደርድሩና ጊዜ ስጡት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሰነጥቀዋል።

ጠዋት ደህና ነበር፣ ማታ ተበላሸ

ማታ ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ኃይል ይወርዳል፤ ሞተሩም ይደክማል። እናንተ በጠዋቱ ፍጥነት ከገፋችሁ ምላጩ ይታጠፋል። ቀስ በሉ፣ ወይም ለነገ አሳድሩት።

ምላጭ ስትገዙ ለቀጥታ መስመር ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ ቁጥር 7 ወይም 9 ከቁጥር 2 ይልቅ መስመር ይይዛል። ዙሪያውን ጥርስ ያለውን ጥምዝማዛ ምላጭ ለዚህ ሥራ አታስቡት። የፍሬም ውጫዊ ጠርዝ ከሆነ ደግሞ ስክሮል ሶው ላይ ባታወጡት ይሻላል። በእጅ መጋዝ ከመስመሩ አንድ ሚሊሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና በመላጊያ ጨርሱት።