በአዳማ ግቢ ውስጥ ወርቃማ ዱራንታን መትከልና መንከባከብ

ከአምስት ዓመት በፊት ከአንድ እናት ተክል የተቆረጡ ሁለት የወርቃማ ዱራንታ ችግኞችን ግቢዬ ውስጥ ተክዬ ነበር። አንደኛውን ከውጭው በር አጠገብ፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ በማይለየው ቦታ ላይ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሙቀቱ እንዳይጎዳው በማሰብ ከማንጎው ዛፍ ሥር። ዛሬ የበሩ ዱራንታ የበሰለ ሎሚ መስሎ ከመንገድ ማዶ ይታያል፤ የማንጎው ሥር ግን ቅርንጫፉ ቀጥኖ፣ ቅጠሉ ሳስቶ፣ እንደ ማንኛውም ቁጥቋጦ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ አይተውት «ልጄ፣ ዘሩ ተቀላቅሎብህ ይሆናል» ብለውኝ ነበር፤ ዘሩ ግን አንድ ነው፣ የተለያየው ብርሃኑ ነው።

የዚህ ተክል ወርቃማነት የሚገኘው ፀሐይ ላይ በሚያድግ አዲስ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅ ወይም ሲጠለል ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ንጥረ ነገር ይበዛበትና ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል። ስለ ቦታ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ መከርከም ቀጥሎ የማነሳው ሁሉ ተክሉ ሳያቋርጥ አዲስ ቅጠል እንዲያወጣ፣ ያም ቅጠል ፀሐይ እንዲያገኝ ለማድረግ ነው።

ዱራንታ ለአገራችን መጤ ተክል ሲሆን የተገኘው ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ካለው ሞቃት ምድርና ከካሪቢያን ደሴቶች ነው። ስሙ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ጣሊያናዊ ሐኪምና የዕፅዋት አዋቂ ከካስቶሬ ዱራንቴ የተወሰደ ነው። አረንጓዴው ዓይነት ካልተከረከመ ከቤት ጣሪያ በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ወርቃማው ግን ዝግ ብሎ የሚያድግና በመቀስ ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ከፍታ በቀላሉ የሚያዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያረግፍም፤ ውርጭን አይችልም፣ ሙቀትን ግን ይወዳል፤ በዚህ በኩል አዳማ ትስማማዋለች።

ቦታ ሲመርጡ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህን በክረምት ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለምትገኝ በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የግንብ አጥር በስተ ሰሜኑ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። በሐምሌ ፀሐይ ሲመታው ያዩት የግንብ ሥር በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሊሆን ስለሚችል፣ በግንቡ ሰሜናዊ ጎን መትከል የግድ ከሆነ ችግኙን ከግንቡ ራቅ ማድረግ ይሻላል። ሌላው የከተማችን ጉዳይ ነፋስ ነው፤ በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያደገ ዱራንታ ነፋሱን ይቋቋማል፤ አዲስ ችግኝ ግን ሥሩ አፈር ሳይዝ እየተወዛወዘ ስለሚላላ በመጀመሪያው ዓመት ከአጭር እንጨት ጋር በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር ይጠቅማል።

ለመትከል የተመቸው ጊዜ ዝናቡ ከጠና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ያለው ነው፤ ችግኙ ሁለት ወር ያህል ዝናብ አግኝቶ ሥር ከሰደደ የመጀመሪያውን በጋ ያልፋል። የቧንቧ ውሃ የማይቋረጥበት ግቢ ያለው ሰው በሌላ ጊዜም ሊተክል ይችላል፤ ነገር ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ መትከል ድካሙ ብዙ ነው።

ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የአካባቢያችን አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ በመሆኑ ለሥሩ ምቹ ነው፤ ውሃን አለመያዙ ግን ጉድለቱ ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ ከወጣው አፈር ሁለት እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ የከብት ፍግ ወይም ኮምፖስት አንድ እጅ ቀላቅለው መልሰው ይሙሉት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ስለሚያቃጥል አይጨመርም። አዲስ በተሠራ ቤት ግቢ ውስጥ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ፍርስራሽና የኖራ ቁራጭ ይወጣል፤ ይህ ሁሉ ተለቅሞ መጣል አለበት፤ ምክንያቱን ስለ ቅጠል መገርጣት ሳነሳ እመለስበታለሁ።

ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ መውጣት ይኖርበታል። ይህን ማሳሰብ አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት በስድስት ወራቸው የደረቁ ዱራንታዎችን እየነቀልሁ ሳይ፣ አስራ አንዱም ከነላስቲካቸው የተቀበሩ ነበሩ፤ ሥራቸው እንደ ተጠቀለለ ክር በላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ መውጫ አጥቶ ነበር። ላስቲኩን ካወጡ በኋላ ጠርዝ ላይ የተጠማዘዘ ሥር ካለ በጣት ቀስ አድርገው ያላቁት። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ እንዳይቀበር ተጠንቅቀው አፈሩን በእጅ ጫን ጫን ያድርጉና፣ ዙሪያውን ውሃ የሚይዝ ክብ ገንዳ ሠርተው አሥር ሊትር ያህል ውሃ ቀስ በቀስ ያጠጡት። በላዩ ላይ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን መንካት የለበትም። ለአጥር የሚተከል ከሆነ በችግኞቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ለብቻው የሚቆም ከሆነ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ቦታ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዝናብ በሌለ ጊዜ በየሁለትና ሦስት ቀኑ፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ደግሞ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት በቂ ነው። በየማታው በጎማ ጥቂት ጥቂት መርጨት የአፈሩን ገጽ ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ላይ እንዲቀር ያደርገዋል፤ እንዲህ የለመደ ተክል ውሃ አንድ ሳምንት ሲጠፋ ይጠወልጋል፤ ውሃ ደግሞ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ጣት የሚያህል ጥልቀት በጣት ቆፍረው እርጥብ ሆኖ ካገኙት ማጠጣቱን ለሌላ ቀን ይተዉት። መንገድ ዳር ያሉትን ግን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ቅጠላቸውን በውሃ ማጠብ ጥሩ ነው፤ ባጃጅና ጋሪ የሚያነሱት አቧራ ብርሃኑን ከመከልከሉም በላይ ቅጠል ለሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች ይመቻቸዋል።

መከርከም የዚህ ሥራ ግማሹ ነው። ብዙ ሰው ችግኙ እንዲያድግለት ስለሚጓጓ ጫፉን ለመቁረጥ እጁ ይሳሳል፤ ያልተቆረጠ ችግኝ ግን ወደ ላይ ይመዘዝና ከታች ባዶ ይሆናል። ችግኙ ተተክሎ በያዘና 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በደረሰ ጊዜ የላይኛውን ሢሶ በስለታም መቀስ ይቁረጡት። ከቁርጡ በታች ካሉት ቅጠሎች ብብት ሁለት ሁለት አዳዲስ ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ እነዚህም አንድ ስንዝር ሲያህሉ ጫፋቸው እንደገና ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ በዝናብ ወራት በየአራትና አምስት ሳምንቱ፣ በበጋ ደግሞ ራቅ አድርጎ መከርከም ነው። በተከረከመ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ የሚወጣው ቅጠል ከሁሉ ይበልጥ ያበራል፤ ሠርግ ወይም በዓል የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያሰላ አይከስርም። አጥር ሲከረከም ታችኛው ክፍል ከላይኛው ሰፋ ማለት አለበት፤ ላይኛው ከሰፋ ታችኛውን ያጠላበትና ወርቁ ከላይ ብቻ ይቀራል። እሾህ ያለው ዓይነትም ስለሚያጋጥም ጓንት ማድረጉ አይከፋም።

ፀሐይ እየመታው ሳለ ከመካከሉ ፍጹም አረንጓዴ የሆነና ከሌላው ፈጥኖ የሚያድግ ቅርንጫፍ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ ወደ ቀድሞው አረንጓዴ ዘሩ የተመለሰ ቅርንጫፍ ነው፤ ጫፉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም፣ ከተነሣበት ቦታ ተነቅሶ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ብርቱ ስለሆነ ቀስ በቀስ ወርቃማውን ይውጠዋል።

ጤናማውን ቢጫ ከታመመው መለየትም ያስፈልጋል። ጤናማው ቅጠል ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ወርቃማነቱ ከቅርንጫፉ ጫፍ ይጀምራል፤ ከታች ያሉት የቆዩ ቅጠሎች ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። የታችኞቹ ቅጠሎች ልፍስፍስ ብለው ቢጫ ከሆኑና ከረገፉ ብዙ ጊዜ ሥሩ በውሃ ታፍኗል። አዲሱ ቅጠል ወደ ነጭነት ገርጥቶ በቅጠሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ብቻ አረንጓዴ መስመር ሆነው ከታዩ ደግሞ ተክሉ ብረት አጥቷል። ብረቱ በአፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አፈሩ ኖራማ ሲሆን ግን ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በስምጥ ሸለቆ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ሶዳ የሚያበዛ ነው፤ በዚያ ላይ የሲሚንቶ ፍርስራሽና የከሰል አመድ ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። አመድ ማዳበሪያ ነው ብሎ በየቀኑ ከምድጃው ወደ ተክሉ ሥር መድፋት በብዙ ግቢ የተለመደ ቢሆንም ለዱራንታ አልመክረውም። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ አጠራቅሞ ማጠጣትና ኮምፖስት መጨመር ያሻሽለዋል፤ ካልሆነም ከግብርና ግብዓት መደብር ለቅጠል የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ ይገኛል።

ልጆች ባሉበት ቤት አንድ ነገር በጥብቅ ሊታወቅ ይገባል። ሳይከረከም የቆየ ዱራንታ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ከአበባውም በኋላ ዶቃ የመሰሉ ብርቱካንማ ፍሬዎች ዘለላ ሠርተው ይንጠለጠላሉ። ፍሬው መርዛማ ነው፤ ቅጠሉም ለእንስሳት ስለማይበጅ የተከረከመው ቅርንጫፍ ለበግና ለፍየል እንዳይጣል። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ በመሆኑ በየጊዜው የሚከረከም አጥር ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል። ልጅ ፍሬውን በልቶ ከተገኘ ሳይዘገይ፣ ከተቻለም የተክሉን ቅንጣቢ ይዞ፣ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ተክሉን ማባዛት ለፈለገ ሰው ፍሬውን መዝራት አይጠቅመውም፤ ከዘር የበቀለው ወርቃማነቱን ላይወርስ ይችላል። ከዚህ ይልቅ በጣም ካልለሰለሰና በጣም ካልጠነከረ ቅርንጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ ከላይ ከሁለት እስከ አራት ቅጠል አስቀርተው የቀረውን ያራግፉና፣ ግማሽ አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ እስከ ግማሹ ይትከሉት። ግማሹ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቢደፉበት እርጥበቱን ይይዝለታል። በጥላ ሥር ከቆየ ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሥር ያወጣል፤ ሳብ ሲያደርጉት የማይነቃነቅ ከሆነ ይዟል ማለት ነው፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ይወጣል። እኔም ባለፈው ክረምት ከማንጎው ሥር ካለው አረንጓዴ ዱራንታ ሦስት ቁራጭ ወስጄ በዚሁ መንገድ አባዝቼ በበሩ በኩል ተክያቸዋለሁ፤ ከፀሐይ ከወጡ በኋላ ያወጡት የመጀመሪያው ቅጠል ቢጫ ነበር።