የሳንቲም ቅጂ በመዳብ እንዴት ይሠራል?

የፊዚክስ ሊቁ ሞሪትዝ ያኮቢ በ1838 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ይፋ ያደረገው በኤሌክትሪክ መዳብ የማልበስ ዘዴ ለሕትመት ሰሌዳና ለሐውልት ሥራ የዋለ ሲሆን፣ ዛሬም በቤት ውስጥ የሳንቲም ቅጂ ለመሥራት ያገለግላል።

ሳንቲሙን በለስላሳ ሰም ላይ ተጭነው ቅርጹን ካወጡ በኋላ፣ ሰም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ገጹን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ደቃቅ የግራፋይት (የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ጥቁር ማዕድን) ዱቄት እስኪያብረቀርቅ ድረስ በብሩሽ ይቀቡት፤ የሥራው ውጤት የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ፈጽሞ አይቸኩሉ። ጓንትና መነጽር አድርገው ኮፐር ሰልፌት የተባለውን ሰማያዊ የመዳብ ጨው በውሃ ያሟሙ፤ የግራፋይቱን ገጽ ከ1.5 ቮልት ባትሪ ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር በሽቦ አገናኝተው፣ ሳይነካኩ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ይንከሯቸው። መዳቡ ጠቁሮ ዱቄት ከመሰለ ኤሌክትሪኩ በዝቷልና ያራርቋቸው። ቀስ በቀስ የሚያድገው ሮዝማ ንብርብር በቂ ውፍረት ሲይዝ ሰሙን በሙቅ ውሃ ያቅልጡት፤ የኮፐር ሰልፌቱ ፈሳሽ ለውሃ ውስጥ እንስሳት መርዝ ስለሆነ ወደ ቦይ አይድፉት።