ኪክና ቤዝ ሲጋፉ፦ በሳይድቼይን አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አዲስ ዘፈን ተከፍቶ የኪኩ (በእግር የሚመታው የድራሙ ትልቅ ከበሮ) ምት ከጠፋ፣ ታች ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ ወጥ ጉርምርምታ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስፒከሩ ሳይሆን የሚክሱ፣ ማለትም የድምፆቹ አደባለቅ ነው። ኪክና ቤዝ ጊታር ከ40 እስከ 100 ኸርዝ ባለችው ጠባብ ቦታ ይጋፋሉ። ሳይድቼይን ማለት ቤዙ ላይ የተቀመጠው ኮምፕረሰር (ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ቤዙን ሳይሆን ኪኩን እየሰማ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ይመለሳል።

አንደኛው ስህተት የመሠረቱን ችግር ሳያዩ ኮምፕረሰር መክፈት ነው። የዘፈኑ ቤዝ የሚያርፍበት ኖታ ኤ ከሆነ 55 ኸርዝ ላይ ነው። ኪኩም እዚያው ላይ የተቃኘ ከሆነ መጀመሪያ ኪኩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት፣ ወይም ሌላ ኪክ ምረጡ። ከዚያ የአንዱን ትራክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጣችሁ ስሙ፤ ሲገለበጥ ታችኛው ድምፅ ከወፈረ ሁለቱ ቀድሞውንም እየተጠፋፉ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ሪሊዝ ላይ፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ዝቅ ያደረገውን ድምፅ ለቆ ወደ ቦታው በሚመልስበት ጊዜ ላይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ቅንብር የሚበላሸውም እዚህ ነው። በማስተማሪያ ቪዲዮዎች ለሪሊዝ የሚሰጡት ቁጥሮች አብዛኞቹ ለ4/4 የዳንስ ሙዚቃ የተሠሩ ናቸው። እዚያ በደቂቃ 125 ምት ሲሆን ከኪክ እስከ ኪክ 480 ሚሊሰከንድ አለ፤ ሪሊዙ 250 ቢሆንም አይጎዳም። በ6/8 ችክችካ ለሚሄድ ዘፈን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍጥነቱ 110 ምት ቢሆን 60,000 ለ110 ሲካፈል 545 ሚሊሰከንድ ይመጣል። በዚያች ምት ውስጥ ሦስት ስምንተኛ ኖታዎች ስላሉ እያንዳንዳቸው 182 ሚሊሰከንድ ይደርሳቸዋል። ቤዙ ሁለተኛዋን ኖታ ሲመታ ኮምፕረሰሩ ገና ካልለቀቀው፣ ዘፈኑን የሚያስጨፍረው ኖታ ይዋጣል።

ስለዚህ ኪኩ ከትሬሾልዱ (ኮምፕረሰሩ መሥራት ከሚጀምርበት የድምፅ መጠን) በላይ የሚቆይበት ጊዜና ሪሊዙ ተደምረው ከ182 እንዳይበልጡ አድርጉ። ኪኩ 70 ሚሊሰከንድ ከቆየ ሪሊዙን ከ100 ጀምሩ። አንድ ወጥመድ አለ፦ የምትሠሩበት ፕሮግራም ፍጥነቱን በሩብ ኖታ ቆጥሮ 165 ብሎ ሊያሳይ ይችላል። 60,000 ለ165 ሲካፈል የሚመጣው 364 የሁለት ስምንተኛ ኖታዎች ርዝመት ነውና ለሁለት አካፍሉት። በሌላ በኩል ሪሊዙን ከ30 በታች ማውረድም አይበጅም፤ ኮምፕረሰሩ የኪኩን እያንዳንዱን ሞገድ መከተል ስለሚጀምር የቤዙ ድምፅ ይሻክራል።

አታክን (ኮምፕረሰሩ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ የሚወስደውን ጊዜ) ዜሮ ላይ መተውም የተለመደ ነው። የ50 ኸርዝ አንድ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ መሃሉ ላይ በድንገት ሲቆረጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ከ2 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ይበቃል።

መጠኑን በተመለከተ፦ ሬሾውን (የቅነሳውን ጥንካሬ) 4 ለ1 አድርጋችሁ መለኪያው የ3 ወይም የ4 ዲሲቤል ቅነሳ እስኪያሳይ ትሬሾልዱን አውርዱ። ቤዙ ረጅም ኖታ በሚይዝበት ዝግ ያለ የትዝታ ዘፈን 2 ዲሲቤል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቤዙ ሲተነፍስ ይሰማል፣ የዘፈኑንም ስሜት ይሰብራል። ኮምፕረሰሩ ድምፁን በራሱ መልሶ የሚያሳድግበት ቁልፍ ካለው አጥፉት።

ኮምፕረሰሩን የሚቀሰቅሰው ድምፅም ንጹሕ መሆን አለበት። የድራሙን ሁሉ ድምፅ ወይም ከበሮ ያለበትን ሉፕ ከላካችሁ በከበሮው ምትም ቤዙ ይወርዳል። ኪኩን ብቻ ላኩ። ኪኩ አንዴ ጠንክሮ አንዴ ላልቶ የሚመታ ከሆነ ቅነሳውም ወጣ ገባ ይሆናል፤ መፍትሔው እኩል ኃይል ያለው ሁለተኛ ኪክ ሠርቶ ከማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ ከሚወጣበት ትራክ) ጋር ሳያገናኙ ለኮምፕረሰሩ ብቻ መላክ ነው። ትራኩን ሚዩት አታድርጉት፤ በአንዳንድ ፕሮግራሞች የሚላከውም አብሮ ይቋረጣል። በኤፍኤል ስቱዲዮ የምትሠሩ ደግሞ የኪኩን ትራክ መርጣችሁ በቤዙ ትራክ ግርጌ ያለችውን ቀስት በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ «ሳይድቼይን» የሚለውን ምረጡ። ቀስቷን ዝም ብላችሁ ከጫናችሁ ኪኩ ራሱ ወደ ቤዙ ትራክ ገብቶ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ሌላው ስህተት ቤዙን ሙሉውን ዝቅ ማድረግ ነው። የስልክ ስፒከር ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አያሰማም፤ አድማጩ ቤዙን የሚለየው በላይኛው የጣት ድምፅ ነው። የቤዙን ትራክ ሁለት አድርጉት፦ ከ120 ኸርዝ በታች ያለው በሳይድቼይን ይሠራ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሳይነካ ይለፍ።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ ቤዙን ለብቻው ከፍታችሁ አትፍረዱ። ሙሉውን ዘፈን በሞኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳይድቼይኑን አንዴ ከፍታችሁ አንዴ ዘግታችሁ ስሙ። ከዚያ በሮቹ በተዘጉ መኪና ውስጥ ክፈቱትና የቤዙን ሁለተኛና ሦስተኛ ኖታዎች በጣታችሁ እየመታችሁ ተከተሉ፤ አንዷ ከጠፋችባችሁ ሪሊዙን 10 ሚሊሰከንድ ቀንሱና ደግማችሁ ስሙ።