የተራ ቁጥር ዝርዝርን በታብና በሃንጊንግ ኢንደንት በኢንዲዛይን ማስተካከል

ጅማ ውስጥ ለገጽ ቅንብር ከሚመጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩ ናቸው፤ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ለቡና አምራቾች የሚታደል የአለቃቀምና የአደራረቅ መመሪያ፣ የሥልጠና ሞጁል፣ የትምህርት ቤት ደንብ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው አንባቢ አንድ አንቀጽ ፈልጎ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ለብቻቸው ቀጥ ብለው ወርደው፣ ጽሑፉም ከቁጥሩ ተለይቶ በራሱ መስመር ተሰልፎ መታየት አለበት። ይህ አሠላለፍ ሃንጊንግ ኢንደንት ይባላል፤ ቁጥሩ በግራ ጠርዝ ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛውና ተከታዮቹ መስመሮች ደግሞ የሚጀምሩት ከቁጥሩ ሥር ሳይሆን ከጽሑፉ የመጀመሪያ ፊደል ሥር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር ይህን አሠላለፍ በስፔስ ለማምጣት መሞከር ነው። በቡና መመሪያ ውስጥ «3. የተለቀመው ቀይ ቡና በዚያው ዕለት በአልጋ ላይ ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ከቁጥሩ በኋላ ሁለት ስፔስ ገብቶ ጽሑፉ በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሆን ጀስቲፋይ ከተደረገ፣ ኢንዲዛይን የተባለው የገጽ ቅንብር ፕሮግራም መስመሩን ለመሙላት በቃላት መካከል ያለውን ስፔስ ሁሉ ይለጥጣል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውንም አይተውም። ስለዚህ በተራ ቁጥር 3 ላይ ክፍተቱ ሰፊ፣ በተራ ቁጥር 4 ላይ ጠባብ ይሆናል፤ ቃላቱ ረጃጅም በሆኑበት ጠባብ ዓምድ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በታብ ቁልፍ የሚገባው ታብ ግን አይለጠጥም፤ ጽሑፉን ወደተወሰነለት ቦታ ያደርሰዋል፣ መስመሩም የሚሞላው ከታቡ በኋላ ባሉት ስፔሶች ብቻ ነው።

ሥራው ከጽዳት ይጀምራል። ኮንትሮል፣ ኦልት እና የ«I» ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ በመጫን የተደበቁ ምልክቶችን ያሳዩ። ስፔስ እንደ ትንሽ ነጥብ፣ ታብ ወደ ቀኝ እንደሚያመለክት ድርብ ቀስት ይታያል። ጸሐፊው ሁለተኛውን መስመር በኢንተር ሰብሮ በስፔስ ወደ ውስጥ ገፍቶት ከሆነ ይህ ሁሉ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የዓምዱ ስፋት በጥቂቱ ሲቀየር መስመሩ መሐል ላይ ይቆረጣል። ተደራራቢ ስፔሶችን ለማጽዳት በፋይንድ ቼንጅ (ፈልጎ መተኪያ) መስኮት ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን «መልቲፕል ስፔስ ቱ ሲንግል ስፔስ» የሚለውን ፍለጋ መጠቀም ይበቃል። ያለቦታቸው የገቡትን ኢንተሮች ግን በዓይን እያዩ ማውጣት ይሻላል፤ ትክክለኛውን የአንቀጽ መጨረሻ ከስሕተቱ የሚለየው አንባቢ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ልክ ይወሰናል። የሚለካው የመጀመሪያው ቁጥር ሳይሆን በዝርዝሩ ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚይዘው ቁጥር ነው። ዝርዝሩ እስከ 24 የሚደርስ ከሆነ «24.» ብለው ጽፈው ስፋቱን ይለኩ። በ11 ፖይንት ፊደል ሁለት አኃዝና አንድ ነጥብ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይይዛሉ፤ በዚያ ላይ 2 ሚሊሜትር መተንፈሻ ሲጨመር 7 ሚሊሜትር ይሆናል። ክፍተቱን ከዚህ እጅግ ማስፋት ተገቢ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ከጽሑፉ ሲርቅ ዓይን በመካከሉ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይጠፋል።

ልኩ የሚገባው በፓራግራፍ ስታይል (የአንቀጽን መልክ አንድ ላይ በሚይዘው ቅንብር) ውስጥ፣ «ኢንደንትስ ኤንድ ስፔሲንግ» በሚለው ክፍል ነው። አንቀጹን በሙሉ ከግራ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሌፍት ኢንደንት 7 ሚሊሜትር፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ የሚመለከተው ፈርስት ላይን ኢንደንት ደግሞ ነጌቲቭ 7 ሚሊሜትር ይደረጋሉ። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ሌፍት ኢንደንት ገና ዜሮ ሳለ ነጌቲቭ ቁጥር ቢጻፍ የመጀመሪያው መስመር ከፍሬሙ (ጽሑፉ ከተቀመጠበት ሳጥን) ውጭ ስለሚወጣ ፕሮግራሙ አይቀበለውም። ቀጥሎ «ታብስ» በሚለው ክፍል በ7 ሚሊሜትር ላይ የግራ ታብ (ጽሑፉ ከእሱ የሚጀምርበት) ይቀመጣል። ውጤቱን በጽሑፉ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ኮንትሮል፣ ሺፍት እና የ«T» ፊደልን ቁልፍ ተጭኖ የታብ ማስመሪያውን ከፍሬሙ አናት ላይ ማምጣት ይችላል፤ ነገር ግን እዚያ የተደረገው ለውጥ የሚያርፈው በተመረጠው አንቀጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ወደ ስታይሉ መመለስ አለበት።

ከ9 ወደ 10 ሲታለፍ ነጥቦቹ አንዱ ከሌላው ሥር እንዲውሉ ከተፈለገ ሁለት ታብ ያስፈልጋል፤ በ5 ሚሊሜትር ላይ የቀኝ ታብ (ጽሑፉ እሱ ላይ የሚያልቅበት)፣ በ7 ሚሊሜትር ላይ የግራ ታብ። ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት አንድ ታብ፣ ከነጥቡ በኋላ ሌላ ታብ ይገባል። ረጅም ደንብ ላይ ይህን ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ ከአሥር ያላለፈ ዝርዝር ግን አያስፈልገውም።

ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲቆጥር «ቡሌትስ ኤንድ ነምበሪንግ» ውስጥ ሊስት ታይፑን ነምበርስ ያድርጉ። ነምበር በሚለው ሳጥን ውስጥ የቁጥሩ ምልክት፣ ነጥብና የታብ ምልክት ተከታትለው ይታያሉ፤ የቀኝ ታብ ከተመረጠ በፊታቸው አንድ የታብ ምልክት ይጨመራል። የዕድር ደንብ ንዑስ አንቀጾች ስላሉት ሁለተኛ ስታይል ይፈልጋል። በዚህኛው ስታይል ሌቭል የሚለው 2 ይሆናል፤ በሳጥኑም ውስጥ መጀመሪያ የአንደኛው ደረጃ ቁጥር፣ ቀጥሎ ነጥብ፣ ከዚያ የራሱ ቁጥር ይገባል። «5.10» በዚሁ ፊደል 7 ሚሊሜትር ያህል ስለሚይዝ 9 ሚሊሜትር ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሌፍት ኢንደንቱ 16፣ ፈርስት ላይኑ ነጌቲቭ 9፣ ታቡም 16 ሚሊሜትር ላይ ይሆናል። ሁለቱ ስታይሎች በአንድ ስም በተሰየመ ሊስት ሥር ካልሆኑ ንዑሱ ቁጥር ዋናውን አይከተልም።

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ መዘርዘርና የግዕዝ አኃዝ መጠቀም የእኛው ጉዳይ በመሆናቸው የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ሁለቱም በእጅ ተጽፈው በታብ ይለያሉ። ፊደል ሲሆን ልኩ እንደ መ እና ሠ ባሉት ሰፋፊ ፊደላት ይወሰናል። የግዕዝ አኃዝ ሲሆን ደግሞ ስፋቱ ከቁጥሩ ጋር እኩል አያድግም፤ ፱ እና ፲ አንድ አንድ ምልክት ናቸው፣ ፲፩ ሁለት ይሆናል፣ ፳ እንደገና ወደ አንድ ይመለሳል፣ ፳፩ ዳግመኛ ሁለት ነው። ስለዚህ እስከ ፳ የሚሄድ ዝርዝር የሚለካው በመጨረሻው ቁጥር ሳይሆን ከ፲፩ እስከ ፲፱ ባሉት ነው። እነዚህን ወደ ቀኝ ማሰለፍም አልመክርም፤ ፳ ከ፲፱ው ፱ ሥር ይውልና ዐሥሮቹ ከአንዶቹ ጋር ይደባለቃሉ። በግራ ሲሰለፉ ግን ከ፲ ጀምሮ ዐሥሮቹ ሁሉ በአንድ ዓምድ ይወርዳሉ።

በከተማችን ተደጋግሞ የሚመጣው ሌላው ሥራ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነው። የሁለቱ ጽሑፍ ርዝመት እኩል ስለማይሆን በሁለት የተለያዩ ፍሬሞች ከተቀመጡ አንቀጽ 6 በግራ አናት ላይ፣ በቀኝ ደግሞ ከመሐል በታች ሊውል ይችላል። ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠርቶ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ረድፍ መስጠት ይህን ያስቀራል። ነገር ግን ቆጠራው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ በግራ 1፣ በቀኝ 2 ይወጣል። መፍትሔው በዲፋይን ሊስትስ በኩል ሁለት ሊስት መፍጠር፣ አንዱን ለአማርኛው ስታይል፣ ሌላውን ለኦሮምኛው መስጠት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም የራሳቸውን ይቆጥራሉ። የቁጥሮቹም መልክ እንዳይለያይ ለሁለቱም አንድ ካራክተር ስታይል (የፊደል መልክ ቅንብር) ይመረጥላቸው፤ በግዕዝ ፊደልና በቁቤው ፊደል ውስጥ ያሉት አኃዞች በቁመትም በስፋትም ሊለያዩ ይችላሉና። በሠንጠረዥ ውስጥ የታብ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ሳጥን ስለሚያሻግር፣ በእጅ የሚገባ ታብ ሲያስፈልግ «ኢንሰርት ስፔሻል ካራክተር» ከሚለው ዝርዝር ይወሰዳል።

የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ሲሰርዝ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ «በአንቀጽ 5.2 እንደተመለከተው» ተብሎ በእጅ የተጻፈው ግን ባለበት ይቀራል። ይህንን በክሮስ ሪፈረንስ (ከአንቀጹ ቁጥር ጋር በተያያዘ ጠቋሚ) ማስገባት የተሻለ ነው፤ ያ ካልተደረገ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት «አንቀጽ» የሚለውን ቃል በፍለጋ እያወጡ እያንዳንዱን ጠቋሚ ቁጥር ከሚያመለክተው አንቀጽ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።