አንድ ሳምንት፣ አንድ ቃል፦ ካባላን ለሚጀምር ተማሪ

ካባላ፣ የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ስል ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። «ጠልሰም ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔንም መጀመሪያ የሳበኝ እሱ ነበር። ስውር ነገር ማወቅ ፈለግሁ። የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ ነበርኩ፤ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ከአንዲት ልጅ ጋር በተከራየናት ክፍል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ይሄዳል፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ስለ ዞሃር፣ ስለ ዋናው የካባላ መጽሐፍ፣ አነባለሁ። አራት ወር እንዲህ አለፈ። ያተረፍኩት ትዕቢት ነው። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ምንም እንደማታውቅ ማየት ጀመርኩ።

ያንን አራት ወር እንዳትደግሙት ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ቃሉ ላይ ቆዩ። ካባላ በዕብራይስጥ «መቀበል» ነው። ሥሩ የእኛው «ተቀበለ» ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ስነጥቅ ነበር የከረምኩት። ለመቀበል እጅ ባዶ መሆን አለበት።

ካባላ የአይሁድ ርስት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የሰው ቤት እንደምትገቡ ግቡ፤ ጫማ አውልቃችሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። «የራስሽን ዳዊት ጨርሰሻል ልጄ?» አሉኝ። አልጨረስኩም ነበር። የአይሁድ ሊቃውንትም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ሕጉን ጥገቡ። ብዙዎቹ 40 ዓመት ሳይሞላ አትንኩት ይሉ ነበር። ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ይስሐቅ ሉሪያ ግን ያረፈው በ38 ዓመቱ ነው፣ በ1572 እ.ኤ.አ.፣ በገሊላዋ ጽፋት ከተማ። ስለዚህ ዕድሜው ላይ አልከራከርም። መጥገቡ ላይ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በእምነታችሁ ያለውን መጽሐፍ ሳታነቡ ይህን አትክፈቱ።

ዳዊት የሚደግም ሰው ሳያውቀው በሩ ላይ ቆሟል። መዝሙር 118ን ተመልከቱ። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር፣ በድምሩ 176። ካባሊስቶች ዓለም በእነዚህ 22 ፊደላትና በ10 ሰፊሮት (አምላክ ራሱን በሚገልጥባቸው መንገዶች) ተፈጠረ ይላሉ። ጥንታዊው የፍጥረት መጽሐፍ (ኦሪት ዘፍጥረት ሳይሆን ሴፌር የጺራ የሚባለው) «32 የጥበብ መንገዶች» የሚላቸው እነዚህን ነው። በዚያ መጽሐፍ ሜም የውኃ ፊደል ነው። በግእዝ የ«መ» ስሟ ማን ነው? ማይ። ማይ ደግሞ ውኃ ነው። እኔ እዚህ ጋ አልቅሻለሁ። ከሩቅ የመጣ መስሎኝ የነበረው ነገር የአያቴ ፊደል ገበታ ላይ ነበር።

ዞሃርን አሁን አትጀምሩት። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስፔን ብቅ ያለ፣ አብዛኛው በአራማይክ የተጻፈ ሰፊ መጽሐፍ ነው። ልማዱ ለሁለተኛው መቶ ዘመን መምህር ለስምዖን ባር ዮሐይ ይሰጠዋል፤ አጥኚዎች ደግሞ በሙሴ ዴ ሊዮንና በባልንጀሮቹ እጅ የተጻፈ ነው ይላሉ። ምስሉ በምስል ላይ ይደራረባል። ቁልፉን ያልያዘ ሰው እንደ እኔ አራት ወር ያባክናል።

ቁልፉ 10ሩ ሰፊሮት ናቸው። ሰፊራ ከመቁጠር የወጣ ቃል ነው፤ የእኛ «እህል ሰፈረ» ዘመዱ ነው። ፍጻሜ የሌለው አምላክ ራሱን የሚገልጥባቸው 10 መንገዶች ናቸው። በወረቀት ሳሉዋቸው፦ ዘውድ፣ ጥበብ፣ ማስተዋል፣ ከዚያ ሔሴድ (ቸርነት)፣ ጌቩራ (ብርታት፣ ገደብ)፣ ቲፌሬት (ውበት)፣ ኔጻሕ (ድል)፣ ሆድ (ግርማ)፣ የሶድ (መሠረት)፣ ማልኹት (መንግሥት)። የብዙዎቹ ስም የመጣው ከ1ኛ ዜና መዋዕል 29፥11 ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና አመሳክሩ።

አሁን ዋናው ሥራ። አይሁድ ከፋሲካ ሁለተኛ ሌሊት ጀምረው 49 ቀን ይቆጥራሉ። ካባሊስቶች 7ቱን ሳምንት ለታችኞቹ 7 ሰፊሮት፣ ከሔሴድ እስከ ማልኹት፣ ሰጥተዋል፤ በየሳምንቱ ውስጥ ደግሞ 7ቱም በተራ ይመጣሉ። እኔ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ሞከርኩት። አንድ ደብተር፣ በየማታው ሁለት መስመር። የሳምንቱን ቃል ጻፉ፤ ከሥሩ በዚያ ቀን ያደረጋችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ስሜት አትጻፉ። ያደረጋችሁትን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ ቀን «ጌቩራ በሔሴድ ውስጥ» ይባላል። በቸርነት ውስጥ ያለ ገደብ ማለት ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ በየማታው ላፕቶፔን ትዋሳለች። እሰጣታለሁ፣ ከዚያ አኮርፋለሁ። የዚያን ማታ ገባኝ። እሰጥ የነበረው ቸር ስለሆንኩ ሳይሆን እምቢ ማለት ስለሚያስፈራኝ ነው። «እስከ ሦስት ሰዓት እፈልገዋለሁ፣ ከዚያ ውሰጂው» አልኳት። «እሺ» አለች። ስንት ወር ያኮረፍኩበት ነገር በአንድ እሺ አለቀ።

ጌቩራ የከበዳችሁ እንደሆነ ቡና አስቡ። እናቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አላት። ያረጀው ግንድ ከጉልበት በታች ሲጎነደል ልጅ እያለሁ አለቅስ ነበር። «ካልቆረጥነው እኮ እንጨት ነው የምናሳድገው» ትለኝ ነበር እማዬ። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ጠንካራ ሁለት ሦስቱን ትተዋለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ሁሉንም የተወ ሰው ቅጠል ይለቅማል። ሉሪያ ስለ ፍጥረት ሲያስተምር አምላክ ለዓለም ቦታ እንዲኖር ብርሃኑን ሰበሰበ ይላል። ጺምጹም ይሉታል። እኔ የገባኝ እማዬ ጓሮ ነው።

ብቻችሁን አታጥኑ። አይሁድ ሁለት ሁለት ሆነው ጮክ ብለው እየተከራከሩ ያጠናሉ፤ ሐቭሩታ ይባላል። የእኔ ጓደኛ ሙስሊም ነው። አያቱ ሸኽ ነበሩ፣ ዐረብኛ ያውቃል። «ሖኽማ» (ጥበብ) ብዬ ሳነብ «ይቺማ ሒክማ ናት!» ብሎ ዘለለ። ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ መልስ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን አንድ ገጽ እናነባለን። አንድ ገጽ ይበቃል። በሐሳብ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው ምረጡ። የሚያደንቃችሁ ሰው ያበላሻችኋል።

በፊደል ሀብት እናመጣለን፣ በክር እንጠብቃችኋለን ከሚሉ ሻጮች ራቁ። ሉሪያ ራሱ ተግባራዊ ካባላ የሚባለውን፣ በስሞች ኃይል መሥራትን ከልክሏል። ታልሙድ፣ የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ወደ ገነት ስለገቡ አራት ሊቃውንት ይተርካል፦ አንዱ ሞተ፣ አንዱ አእምሮው ተነካ፣ አንዱ ካደ፣ ረቢ አቂባ ብቻ በሰላም ወጣ። ስለዚህ በፈተና ሰሞን አቁሙ። እንቅልፍ ካጣችሁ አቁሙ። ሰው ሲናገር መስማት ካቃታችሁም አቁሙ፤ እኔን መጀመሪያ የታየብኝ ምልክት እሱ ነበር።

49ኙ ቀን ሲያልቅ ደብተራችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተቀያይራችሁ አንብቡ። ያፍራል ሰው፣ ግን አንብቡ። ከዚያ የፍጥረት መጽሐፍን ክፈቱ። አጭር ነው፤ ሰፋሪያ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር በነፃ ይገኛል። በቀን ከአንድ አንቀጽ አትለፉ።